አባቴ ድቧን አንቱ ያለበት ቀን

አባቴ ሃያ ሰባት ዓመት የለንደን አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ። በማግስቱ እንደ ወትሮው ጎህ ሳይቀድ ተነሳ፤ ተላጨ፤ ሸሚዙን ለበሰና ኬኒንግተን ያለው ቤታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። የሚሄድበት አልነበረውም። በሁለተኛው ቀንም፣ በሁለተኛው ወርም ይህንኑ አደረገ። በመጨረሻ እናቴ ደወለችልኝ።

«ይሄ ሰውዬ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ አውቶቡስ ሆኖብኛል» አለችኝ። «ወይ ንዱት፣ ወይ ጋራዥ አስገቡት።»

ነፍስ የሚዘራው ቴሌቪዥን ላይ የዱር እንስሳት ሲያይ ብቻ ነበር። ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና «ዞር በል አንተ! ከኋላህ ናት!» እያለ አጋዘኑን ያስጠነቅቃል። አጋዘኑ ካልሰማው ይናደድና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ተመካከርንና አንድ ጊዜ እንኳ በዓይኑ ይያቸው ብለን ጉዞ ልንጋብዘው ወሰንን። ወንድሜ ከሥራው ፈቃድ ስላላገኘ አጃቢዋ እኔ ሆንኩ። ቡክ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ማስታወቂያው «የወንዝ ጉዞ» ይላል። አላስካ፣ አምስት ቀን፣ የበረዶ ግግር፣ ድብ፣ ንስር። ፎቶው ላይ ሰዎች ወንዝ ዳር ቆመው ኩባያ ይዘው ይስቃሉ። እኔ መርከቡ ለዕረፍት ቆሞላቸው ነው ብዬ አሰብኩ። የዕቃ ዝርዝር በኢሜይል ሲመጣና የዝናብ ሱሪ፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ግዙ ሲለን እንኳ አልጠረጠርኩም። እንግሊዝ አገር ላደገ ሰው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ብርቁ አይደለም።

እናቴን አብረሽን ነይ ብንላት፣ «እኔ በረዶ ለማየት አውሮፕላን አልሳፈርም፤ ሲያምረኝ ፍሪዘሩን እከፍታለሁ» አለችና አንድ ትልቅ ፌስታል ዳቦ ቆሎ አስያዘችን። አባቴ ደግሞ ግራጫ ሱፉን፣ ቀይ ከረባቱንና ያበራቸውን ጥቁር ጫማዎች ሻንጣው ውስጥ ከተተ።

«ለምንህ ነው አባዬ?»

«መርከብ ላይ አንድ ቀን ከካፒቴኑ ጋር ራት ይበላል። እንደ ገበሬ ልቅረብ?»

ሥራዬ ካምደን ውስጥ ማስተርጎም ነው። ሐኪሙ ያለውን ለታማሚው፣ ታማሚው ያለውን ለሐኪሙ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ። ለዚህም ቃል ገብቼ ፈርሜያለሁ። ይህን የምጠቅሰው በኋላ ወንዙ ላይ የሠራሁትን ስትሰሙ ምን ያህል እንደ ወደቅሁ እንድታውቁት ነው።

ሦስት አውሮፕላን ቀያየርን። የመጨረሻዋ አራት መንገደኛ የምትይዝ ነበረች፤ ወንዝ ዳር ጠጠር ላይ አረፈችና ጥላን ሄደች። ከእኛ ጋር የወረዱት ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለቱም አስተማሪዎች የነበሩ። የተቀበለችን መሪያችን ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯን ሁለት ቦታ ጎንጉናለች፤ አፍንጫዋን ፀሐይ ልጦታል። አባቴ ሻንጣውን ጠጠሩ ላይ እየጎተተ ወንዙን ወደ ላይም ወደ ታችም ተመለከተ።

«መርከቡ የት ነው?» ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

ልጅቷ ፈገግ ብላ መሬት ላይ የተኛ ግራጫ ነገር አሳየችው፤ ግማሹ የተነፋ፣ ግማሹ የተጨማደደ። ከዚያ ፓምፑን ሰጠችው።

አባቴ ወደ አማርኛ ተመለሰ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጎማ ነው።»

«አዎ አባዬ።»

«የመርከቡ ጎማ ነው ወይስ መርከቡ ራሱ ጎማ ነው?»

«ራሱ ነው።»

«አምስት ቀን?»

«አምስት ቀን።»

ሻንጣውን ጠጠሩ ላይ አጋደመ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ፣ በሥርዓት አጥፎ ሻንጣው ላይ አስቀመጠና መንፋት ጀመረ።

የወንዙ ውኃ ሲሚንቶ የተበጠበጠበት ይመስላል። መሪያችን የበረዶው ግግር ድንጋዩን ፈጭቶ የሚልከው ዱቄት ነው አለችን። እሷ መሐል ተቀምጣ ሁለት ረጃጅም መቅዘፊያዎች ይዛለች፤ አባቴ ከፊቷ፣ እኔ ከአጠገቡ፣ ባልና ሚስቱ ከኋላ። ገና ከዳር እንደተላቀቅን አባቴ የነጂነት ሥራውን ጀመረ። ሃያ ሰባት ዓመት መሪ የያዘ ሰው ተሳፋሪ መሆን አይችልም። ከፊታችን ድንጋይ ባየ ቁጥር ቀኝ እግሩ ሳይታወቀው የጀልባዋን ወለል ይረግጣል፤ ፍሬን መያዙ ነው።

«መስታወት እንኳ የላትም!» ይለኛል። «ከኋላ የሚመጣውን በምን ታያለች?»

«አባዬ፣ ከኋላ የሚመጣ የለም።»

አንድ መታጠፊያ ላይ ውኃው ፈጠን ሲል ጭራሽ ወደ እሷ ዞሮ ጮኸ፦ «ቀስ በይ! ኧረ ቀስ በይ!»

«ምን አለ?» አለችኝ መሪያችን።

አሥራ አንድ ዓመት በሐቅ ያስተረጎምኩት እኔ፣ ዓይኔን ሳላሽ «ቦታው በጣም ያምራል ነው የሚለው» አልኳት።

ልጅቷ ደስ አላት። ቃሉን እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት። ቀጣዩን መታጠፊያ ስንዞር የበረዶ ኮፍያ የደፉ ተራሮች በአንድ ጊዜ ብቅ አሉ፤ መቅዘፊያዎቿን ወደ ላይ አነሳችና በሙሉ ድምፅ «ቀስ በይ!» አለች። ባልና ሚስቱም ተቀበሏት። «ቀስ በይ! ቀስ በይ!»

አባቴ ደነገጠ። «እኔ ምን አደረግሁ? ማንን ነው ቀስ በይ የሚሉት? ደግሞስ ወንድ አይደለሁም?»

ጎንበስ ብዬ የቦት ጫማዬን ማሰሪያ ፈለግሁ። የጎማ ቦት ማሰሪያ እንደሌለው ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

የመጀመሪያው ቀን ምሽት ድንኳን ተከልን። በዚያ ወር እዚያ አገር ፀሐይ ለመግባት አይቸኩልም፤ ራት የበላነው በብርሃን ነው። ልጅቷ ዓሣ እየጠበሰች ሳለ አባቴ ከድንኳኑ ወጣ። ከወገቡ በላይ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ከረባትና ግራጫ ኮት፤ ከወገቡ በታች የዝናብ ሱሪና የጎማ ቦት። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

«ምን ነካህ አባዬ?»

«ካፒቴን አይደለችም? ካፒቴን ናት። በቃ።»

መሪያችን አየችው። አልሳቀችም። መጥበሻውን ለእኔ ሰጥታ ወደ ድንኳኗ ገባችና ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳ፣ ጉንጉኗ ላይ ሐምራዊ የዱር አበባ ሰክታ ተመለሰች። መደገፊያ ያላት አንዲት ወንበር ነበረች፤ እሷን ሳበችና አስቀመጠችው። አባቴም ዳቦ ቆሎውን በክብር ከፍቶ አዞረ። እንግሊዛዊው አስተማሪ አንዱን ነክሶ ጥርሱን ያዘ፤ ጨዋ ሰው ስለሆነ ግን ግሩም ነው አለ።

ጠዋት የገጠመን ችግር ሽንት ቤቱ ነበር። ሽንት ቤቱ ከድንኳኖቹ ራቅ ብሎ ከቁጥቋጦ ጀርባ ያለ ክዳን ያለው ሣጥን ነው። ድብ በድንገት ሰው ሲያይ ይደነግጣል፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እየጮኸ መሄድ አለበት ተባልን። አባቴ ይሄ ነውር ነው አለ።

«ሽንት ቤት እየሄድኩ ነው ብዬ አገር ላሰማ?»

«የፈለግኸውን በል ብቻ ድምፅ ይኑርህ።»

ሶፍቱን በብብቱ ይዞ ሄደ። ከዚያ ከቁጥቋጦው ውስጥ ያ የማውቀው፣ በልጅነቴ አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላው ተቀምጬ የሰማሁት የሥራ ድምፁ መጣ፦ «ቀጣዩ ማቆሚያ፣ ኦቫል! እባካችሁ በሩ ላይ አትቁሙ! ቀጣዩ ማቆሚያ፣ ስቶክዌል!» እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ በእንግሊዝኛ ጠራው። ሲመለስም መስመሩን ገልብጦ እየጠራ ተመለሰ። ከዚያን ቀን በኋላ ባልና ሚስቱም የራሳቸውን ከተማ ፌርማታ እየጠሩ ይሄዱ ጀመር፤ ድቦቹ ስለ እንግሊዝ አገር ትራንስፖርት ብዙ ሳያውቁ አልቀሩም።

በሁለተኛው ቀን መሪያችን በድንገት መቅዘፍ አቁማ የርቀት መነጽሯን ለአባቴ አቀበለችው። ገደሉ አናት ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ትንፋሿን ይዛ ትጠብቀዋለች። አባቴ አነጣጠረ፤ አስተካከለ፤ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ።

«ፍየል ናት» አለኝ።

«አዎ፣ የተራራ ፍየል።»

«ሦስት አውሮፕላን ተሳፍረን ፍየል? ሾላ ገበያ የሞላውን?»

«ምን አለ?» አለች ልጅቷ።

«ተደንቋል» አልኳት። የዋሸ ሰው አንዴ ከጀመረ ማቆሚያው ሩቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነገር ገጠመን። ሙስ የሚሉት አጋዘን አለ፤ ቁመቱ ከፈረስ ይበልጣል፣ ቀንዱ የተዘረጋ መዳፍ ይመስላል። አንዱ ወንዙ በሚጠብበት ቦታ መሐል ላይ ቆሞ፣ ጭንቅላቱን እየነከረ ከሥር ሣር እየነቀለ ይበላል። መንገዱን ዘግቶታል። መሪያችን ወደ ዳር አስጠጋችንና ገመድ ይዛ ተቀመጠች።

«ጥሩምባ የለሽም?» አላት አባቴ።

«የለኝም። ቢኖረኝም አልነፋበትም። ሲጨርስ ይሄዳል።»

ሙሱ አልቸኮለም። ያነሳል፣ ያኝካል፣ ውኃው ከጢሙ ይንጠባጠባል፣ እኛን ያያል፣ እንደገና ይነክራል። ግማሽ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ልጅቷ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነጫነጨችም፤ ሰዓቷንም አላየችም። አባቴ ሙሱን ትቶ እሷን ይመለከት ነበር። በመጨረሻ አጋዘኑ ወጥቶ ሲሄድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ነጂ ናት» አለኝ። ከአባቴ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም፤ እናቴም አልሰማችም።

በሦስተኛው ቀን ወንዙ ሰፍቶ ሐይቅ ሆነ፤ ቤት የሚያካክሉ የበረዶ ቋጥኞች ይንሳፈፉበታል። በስተመጨረሻው ግግሩ ነበር። እኔ ነጭ ነገር ነበር የጠበቅሁት። ሰማያዊ ነው፤ ላዩ የቆሸሸ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ከስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን የሚወጣው። ጫማችን ላይ የብረት ጥርስ አሰርንና በመሪያችን ኋላ ተሰልፈን ወጣን። «እኔ የረገጥኩትን ብቻ ርገጡ» አለች። አባቴ ኬኒንግተን በረዶ በጣለ ቀን እንደሚሄደው፣ ጉልበቱን አጠፍ፣ እጁን ዘርጋ አድርጎ ይራመዳል።

«ይሄ ሁሉ ይንቀሳቀሳል» አለችን። «በዓይን አይታይም እንጂ ቁልቁል እየሄደ ነው።»

«የእኔ መስመር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከዚህ ይዘገይ ነበር» አለ አባቴ፤ ባልና ሚስቱ ሳቁ።

ከዚያ ልጅቷ ወደ ታች፣ ድንኳናችንን ወደ ተከልንበት ዳር ጠቆመች። እሷ ልጅ ሆና ከአባቷ ጋር ስትመጣ በረዶው እዚያ ድረስ ነበር። አሁን ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነው አለችን።

አባቴ አንድ የበረዶ ጉብታ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከሥራችን ውኃ ሲሮጥ ይሰማል። ዳቦ ቆሎ ከኪሱ አወጣና ሰጠኝ።

«ታውቂያለሽ» አለኝ፣ «አውቶቡሱን ካስረከብኩ ወዲህ ምን እንደሚያስቸግረኝ? ማንም ቆሞ አይጠብቀኝም። በፊት በዝናብም በብርዱም አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ መጣ ይሆን እያለ ይጠብቀኝ ነበር። ብዘገይ የሚሰድበኝ ሰው ነበረኝ።»

የሌላ ሰው ቃል ሲሆን ለማቀበል አላንስም፤ የራሴ ሲያስፈልግ ግን አንድም አልመጣልኝ አለ። ክንዱን ያዝኩት። «በል እንነሳ፣ ሱሪህ ይረጥባል» አልኩት። ሲነሳ የብረት ጥርሱ ከሱሪው ጠርዝ ጋር ተያያዘ፤ ቁጭ አለና ያንን ጉብታ በመቀመጫው ተንሸራትቶ መሪያችን እግር ሥር ቆመ። ሁላችንም ክው አልን። እሱ ቀና ብሎ አያትና «የመጨረሻ ፌርማታ ነው?» አላት።

በአራተኛው ቀን ከሐይቁ በሚወጣው ወንዝ ቀጠልን። ሰፊና ጸጥ ያለ ነበር። መሪያችን አባቴ እጇን እጇን እንደሚያይ ስታስተውል ኖራለች መሰለኝ፣ «መቅዘፍ ትፈልጋለህ?» አለችው። አባቴ ላይፍ ጃኬቱን አጠበቀ፤ መቀመጫዋ ላይ ተደላደለ፤ እጁ ሳያስበው የጎን መስታወት ሊያስተካክል ወደ አየሩ ሄደ።

ሕጉን ነገረችው። ድንጋይ ሲመጣብህ ፊትህን ወደ ድንጋዩ አዙርና ወደ ኋላ ሳብ፤ ከምትፈራው አትሽሽ፣ እያየኸው ራቅ። አባቴ ገባኝ አለ። ለሩብ ሰዓት ያህልም በእርግጥ የገባው መሰለ። ከዚያ ከፊታችን የጠጠር ደሴት መጣ። የሃያ ሰባት ዓመት ልምዱ ተነሳበትና እንደ አውቶቡስ ሊጠመዝዘው ሞከረ፤ ጀልባዋ በጎኗ ሆና ደሴቱን በሙሉ ሆዷ ወጣችበት። ኪርርር ብላ ቆመች።

ገፋን። ጎተትን። ቆጥረን አብረን ገፋን። ንቅንቅ አላለችም።

«ግድ የለም» አለች መሪያችን። «ከሰዓት ፀሐዩ በረዶውን ሲያቀልጠው ወንዙ ይሞላል። እሱ ያነሳናል። እስከዚያ እንቀመጥ።»

አባቴ ጆሮው ቀልቶ መቅዘፊያውን እንደያዘ ቀረ። ማንም አልተናገረውም፤ ያ ደግሞ ባሰበት። «ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር» አለኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ሳለ የአስተማሪው ሚስት ክንዴን ጨበጠችኝ። ከማዶ ከቁጥቋጦው ቡናማ ድብ ወጣች፤ ከኋላዋ ሁለት ግልገሎች። ውኃው ዳር ቆመች፤ ልትሻገር ነው፤ የምትሻገርበት ደግሞ እኛ ያለንበት ነው።

መሪያችን እጇን ወገቧ ላይ ወዳለው ድብ ማባረሪያ የበርበሬ መርጫ አደረሰችና በሹክሹክታ አዘዘችን። «ጠጋ ጠጋ በሉ። አትሩጡ። አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ያናግራት፤ ሰው መሆናችንን ትወቅ።»

ባልና ሚስቱ ተቃቅፈዋል። ድቧ ወደ ውኃው ገብታ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራት በሁለት እግሯ ቆመችና አፍንጫዋን አነሳች። እንዲህ ረጅም ትሆናለች ብዬ አልገመትኩም። ያኔ አባቴ ተናገረ፤ በአማርኛ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ለእናቱ ጓደኞች በሚናገርበት አነጋገር።

«ይለፉ እናቴ፣ ይለፉ። እኛ አልቸኮልንም። መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በቀኝ በኩል ይለፉ፤ ልጆችዎን ይያዙ።»

ድቧ አዳመጠች፤ በአራት እግሯ ወረደችና በቀኝ በኩል ማለፍ ጀመረች። አንደኛው ግልገል ተከተላት። ሁለተኛው ጠጠሩ ላይ አንድ ነገር እያሸተተ ቀረ።

«አንዱ ቀርቷል!» አለ አባቴ፤ አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል። «ኧረ እናቴ፣ አንዱ ቀርቷል! ትንሽ ይጠብቁት!»

ድቧ ዞረች። ቆመች። ግልገሉ ቀና ሲል ብቻውን መሆኑን አየና እየተንቦራጨቀ ሮጠ። ደረሰባት፤ ሦስቱም በሌላው ዳር ወጡ፤ ውኃቸውን አራገፉና ጫካው ውስጥ ገቡ።

«ቀስ በይ» አለች መሪያችን በሹክሹክታ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ ቦታው ላይ ዋለ።

የአስተማሪው ሚስት እንባዋን ትጠርጋለች። ሁላችንም አባቴን እናያለን፤ እሱ ደግሞ መቅዘፊያው ላይ ተደግፎ፣ የመጨረሻው ተሳፋሪ እስኪቀመጥ እንደሚጠብቅ ነጂ ማዶውን ያያል።

«ምን አላት?» አለችኝ ልጅቷ።

ያኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ቃል በቃል ተረጎምኩ። አንቱን ለማስረዳት ብቻ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። እግረ መንገዴን ስለ «ቀስ በይ»ም ተናዘዝኩ። መሪያችን ጀልባዋ ውስጥ በጀርባዋ ወድቃ እስኪደክማት ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም። «አራት ቀን ሙሉ አስቀየምሽኝ ማለት ነው» አለኝና ኩርፊያው ውኃው ሞልቶ እስኪያነሳን ድረስ ቆየ። ቀሪውን መንገድ የቀዘፈችው እሷ ናት። ስንለያይ ቀዩን ከረባት ከሻንጣው አውጥቶ በሸሚዟ ላይ በገዛ እጁ አሰረላት።

ለንደን በገባን በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ጓደኞቹን ሼፈርድስ ቡሽ ካለው ምግብ ቤት ሰበሰበ። አምስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ትሪ፣ እኔ ጥግ ላይ። ታሪኩን ጀመረ። ሙሱ አደገ፤ ድቧ አደገች፤ ሃያው እርምጃ አምስት ሆነ። ጠጠሩ ደሴት ላይ ሲደርስ ሻዩን ፉት አለና ተነፈሰ።

«ያን ጊዜ ልጄ እኔ ካልቀዘፍኩ ብላ ድርቅ አለች። ተይ ብላት አልሰማ አለች። ወስዳ ጠጠር ላይ ሰቀለችን።»

«አባዬ!» ብዬ አፌን ስከፍት ትልቅ ጉርሻ አስገባበት።

ከጓደኞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

መናገር ስለማልችል ራሴን ነቀነቅሁ፤ የለኝም።

«ታዲያማ!» አሉ፤ ሁሉም በሐዘኔታ አዩኝ። አባቴ ሁለተኛውን ጉርሻ መጠቅለል ጀምሯል።